ወደ ሰሊማ መቃብር

ነኢማ የጓሮዋን አጥር ያስፈረሰችው አንድ ረቡዕ ጠዋት ነው። ከጅማው ሄርማታ ሰፈር ያስመጣችው ግንበኛ መዶሻውን ካነሳ በኋላ እንኳ ቆም ብሎ ጠየቃት።

«እናቴ፣ ይሄ እኮ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ የግቢው ሁሉ አጥር ነው። ኋላ ነገር እንዳይመጣ።»

«ይምጣ» አለችው። «አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ሳይል የሚያልፍበት ያህል ክፈትልኝ።»

እስከ ቀትር ድንጋዩ ወርዶ አለቀ። ሐሙስ የብረት በር ተተከለበት። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሽማግሌው አባቦራ ምርኩዛቸውን እየተደገፉ ከጅሬን ኮረብታ በሚወርደው ቀጭን መንገድ መጡና፣ በሩን ሲያዩ ቆሙ። ነኢማ ከውስጥ ትጠብቃቸው ነበር።

«ይግቡ፣ አባ።»

«ይሄ ለኔ ነው?»

«ለእርስዎ ነው።»

ሽማግሌው እጃቸውን ብረቱ ላይ አሳርፈው ዳበሱት። ከዚያ «ቢስሚላህ» ብለው ገቡ። የነኢማን የጎመን መደብ በጥንቃቄ ዞረው፣ በፊት ለፊት በሯ ወጥተው፣ ግቢው መሃል ወዳለው ሣር አመሩ። እዚያ ሦስት መቃብሮች አሉ። የአባታቸው፣ የእናታቸው፣ ከሁሉም ዳር ደግሞ የሚስታቸው የሰሊማ። አባቦራ ከሰሊማ ራስጌ ተቀምጠው መዳፋቸውን ዘረጉ። በየመስኮቱ መጋረጃ ገለጥ ገለጥ ሲል ነኢማ አየች። ነገሩ በዚያው እንደማያበቃ ገባት።

ግቢው ሃያ አራት ቤት ያለው የመኖሪያ ቤት ማህበር ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት፣ ሃያ አራት አባላት ተደራጅተው ከጅሬን ግርጌ መሬት ሲመሩ፣ ቦታው የአባቦራና የወንድሞቻቸው የበቆሎ ማሳ ነበር። ካሳው ተከፍሎ፣ ማሳው ተለክቶ፣ ችካል ሲተከል፣ ቀያሹ መሃሉ ላይ ሦስት የመቃብር ድንጋዮች አገኘ። የሰሊማ አፈር ገና ሁለት ክረምት ብቻ ያየ ነበር። ያን ጊዜ አባቦራ ሽማግሌ ይዘው መጡ። ስለ መሬቱ አንድ ቃል አልተናገሩም። የጠየቁት መቃብሩ እንዳይነካና ለዚያራ፣ ሙታናቸውን ለመጎብኘት፣ ሲመጡ እንዳይከለከሉ ብቻ ነው።

አባላቱ ባንድ ድምፅ እሺ አሉ። ቦታው በፕላኑ ላይ የጋራ ክፍት ቦታ እንዲሆን ተደረገ። ከዚያም ሙስሊሙ መዳፉን ዘርግቶ፣ ክርስቲያኑም ቆሞ አንገቱን ደፍቶ፣ ቃሉ እንዲጸና ፋቲሃ ተቀራ። ነኢማ የማህበሩ ጸሐፊ ነበረች። ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ «ይሄንንም ቃለ ጉባኤው ላይ ላስፍረው?» ብላ ሊቀመንበሩን አብራርን ጠየቀችው። አብራር፣ በሄርማታ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ፣ የተከበረ ሰው፣ «ፋቲሃ የተቀራበትን ነገር ምን ብለሽ ትጽፊዋለሽ፣ ነኢማ? ሰው ያፍርብናል» አላት። እሷም ደብተሩን ዘጋችው።

ዓመታት አለፉ። ቤቶቹ ተሠሩ፣ አንዳንዱ ተሸጠ፣ አዳዲስ ሰዎች ገቡ። አባቦራ በየዓርቡ በዋናው በር ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ልጆች ኳሳቸውን ይዘው ዞር ይሉላቸዋል።

ባለፈው ዓመት ነው ነገር የተበላሸው። አንድ ወጣት በጠራራ ፀሐይ በዋናው በር ገባ። ዘበኛው ፈይሳ ወዴት እንደሆነ ሲጠይቀው «ለዚያራ ነው» አለ፤ ፈይሳም አሳለፈው። ሰውየው በቀጥታ የሄደው ወደ መንበረ ቤት ነው። መንበረ ኮሌጅ የምታስተምር፣ ከጎንደር የመጣች ወጣት ሴት ናት። ብቻዋን ነበረች። ላፕቶፕዋን ሰርቆ ሲወጣ ደረጃው ላይ ተገናኙ፤ ገፈተራትና ወደቀች፣ ክንዷም ተሰበረ። ለወራት በፋሻ ተንጠልጥሎ ነበር። ከዚያ በኋላ በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጥ ጀመር።

ጉባኤው ተጠራና ደንቡ ጠበቀ። ከአባላትና ከተመዘገበ እንግዳ በቀር ማንም እንዳይገባ፤ እንግዳም ቢሆን ባለቤቱ መጥቶ እንዲቀበለው፤ በየትኛውም ቤት በኩል ወደ ውጭ የሚያስወጣ በር እንዳይኖር። እጅ ሲወጣ ነኢማም አወጣች። የመንበረን ክንድ እያየች እንዴት አታወጣም? በዚያች ሰዓት አባቦራ ፈጽሞ ትዝ አላሏትም። ኋላ ላይ ራሷን አብዝታ የወቀሰችው በዚህ ነው። ስለ አባቦራ ክፉ ሐሳብ አልነበራትም። ጨርሶ አለማሰቧ ነው የቆጠቆጣት።

ያወቀችው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ከጓሮዋ አጥር ውጭ፣ ቀጭኑ መንገድ ላይ፣ ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ድንጋዩ አዙረው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው ቆመው አገኘቻቸው።

«አባ! እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ሰሊማን ሰላም እያልኳት ነው፣ ኢንተላ ኮ።» ልጄ ማለታቸው ነው። «ዘበኛው ስምዎ ዝርዝር ላይ የለም አለኝ። እሱ ምን ያድርግ፣ ታዟል።»

ነኢማ የዚያኑ ቀን በቀጥታ ወደ አብራር ሄደች። አብራርም አፈረ፤ ግን «እንግዳሽ አድርገሽ አስመዝግቢያቸው» ከማለት አላለፈም። አስመዘገበቻቸው። ዓርብ ዓርብ ከምትሠራበት ትምህርት ቤት አስፈቅዳ እየመጣች ከዋናው በር ትቀበላቸው ጀመር። በዒድ ዕለት ግን አባቦራ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። አሥራ አንድ ሰው። ነኢማ ሁሉንም «እንግዶቼ ናቸው» ብላ አስገባች። በማግስቱ ኮሚቴው ደብዳቤ ጻፈላት፤ እንግዳ የሚገባው ወደ ጋበዘው ሰው ቤት ብቻ ነው፣ የጋራ ቦታ ላይ መቀመጥ አይፈቀድለትም የሚል። በዋናው በር መግባት እንዲህ ሲከብድ፣ በራሷ ጓሮ በሩን የከፈተችው ከዚህ በኋላ ነው።

ከብረቱ በር በኋላ የመጣው ሁለተኛው ደብዳቤ አጭር ነበር። «ወይዘሮ ነኢማ፣ የማህበሩን የጋራ አጥር ያለ ፈቃድ በማፍረስ የከፈቱትን በር በሰባት ቀን ውስጥ እንዲደፍኑ እናሳስባለን።» ግልባጩ ዋናው በር አጠገብ ካለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ ልጆች ሳይቀሩ ቆመው አነበቡት። ሰባቱ ቀን አለፈ። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ቧንቧዋን ስትከፍት ውሃ የለም። የግቢው ውሃ ከጋራ ጉድጓድ ነው የሚመጣው፤ ወደ እሷ ቤት የሚሄደው መስመር ተቆልፏል።

ባሏ ሀቢቡላህ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከሰርቦና ከአካባቢው ቡና እየጫነ ጅማ ያራግፋል። ቅዳሜ ከመንገድ ሲመለስ ነኢማን በጄሪካን ውሃ ስትሸከም አገኛት።

«አንቺ ሴት፣ ምን ነካሽ? ከሃያ ሦስት ቤት ጋር ልትጣዪ ነው?»

«አልተጣላሁም። በር ነው የከፈትኩት።»

«የሰው ልጅ ክንድ የተሰበረበት ግቢ ነው፤ እነሱም እውነት አላቸው።»

«አላቸው» አለች። «አባቦራም እውነት አላቸው። የእኔ ጭንቅ ይሄው ነው፣ ሀቢቡላህ። ያን ቀን ብጽፈው ኖሮ ዛሬ ማንም ከማንም አይጣላም ነበር። እስክሪብቶው በእጄ ነበር።»

ሀቢቡላህ ወደ እሷ ጠጋ አለ። ጄሪካኑን ከእጇ ተቀበላት። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ከሰርቦ በተመለሰ ቁጥር ከመኪናው ላይ ቀድሞ የሚወርደው ውሃ ሆነ። ስለ በሩ ግን እንደገና አላነሳም።

ጎረቤት ፊቱን አዞረ። የእድር ጥሪ ሳይነግሯት አለፉ። ለአሥራ አምስት ዓመት «ነኢማዬ» ሲሏት የኖሩ ሴቶች ከሩቅ ሲያዩዋት ስልካቸውን ከቦርሳ ያወጡ ጀመር። ከሁሉ የከበዳት መንበረ ናት። አንድ ቀን መንገድ ላይ ተገናኙና መንበረ ቆመች።

«እትዬ ነኢማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? እኔ ሆስፒታል ስተኛ ሾርባ ያመጡልኝ እርስዎ ነዎት። ታዲያ እንዴት በር ይከፍቱብኛል?»

«አንቺ ላይ አይደለም የከፈትኩት፣ ልጄ።»

«እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስለዚያ በር ነው የማስበው» አለችና ሄደች።

ነኢማ እውነቷን እንደሆነ አወቀች። ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትዞረው፣ በሩንም ከዓርብ በቀር የማትከፍተው ለዚሁ ነበር። ግን ቁልፍ የሰውን ፍርሃት አይቆልፍም።

ማህበሩ ከሰሰ። ነኢማም ውሃዬን ቆርጠዋል ብላ የመልስ ክስ አቀረበች። ጠበቃ አልያዘችም፤ የምለውን የማውቀው እኔ ነኝ አለች። ቀጠሮው ሁለቴ ተላለፈ። በሦስተኛው ቀጠሮ ትንሿ የችሎት ክፍል በግቢው ሰዎች ሞላች። አባቦራ ኋላ ወንበር ላይ ከልጃቸው ከመሐሙድ ጋር ተቀምጠዋል። ዳኛዋ ረጋ ያለች፣ መነጽር ያደረገች ሴት ናት። ክርክሩ በኦሮምኛ ተካሄደ።

ውሃውን በተመለከተ ዳኛዋ ብዙ አልቆየችም። የማህበሩን ጠበቃ፣ «ደንባችሁ ውሃ ቁረጡ ይላል?» አለችው። አይልም። «እንግዲያው ዛሬ ይቀጠል።» ወደ በሩ ሲመጣ ግን ነኢማን አስነሳቻት።

«አጥሩ የጋራ ንብረት መሆኑን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«በር እንዳይከፈት የሚለው ደንብ ሲጸድቅ ነበሩ?»

«ነበርኩ። እጄንም አውጥቻለሁ።»

በክፍሉ ውስጥ ማጉረምረም ተሰማ። ዳኛዋ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ታዲያ በምን ምክንያት ከፈቱ?»

ነኢማ ስለ ማሳው፣ ስለ ችካሉ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ፣ ስለ ተቀራው ፋቲሃ አንድ በአንድ ተናገረች። ዳኛዋ ሳታቋርጥ ሰማቻትና፣ «ይሄ ስምምነት የተጻፈበት ሰነድ አለ?» ስትል ጠየቀች።

«የለም።»

«ለምን አልተጻፈም?»

«ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ» አለች ነኢማ። ዳኛዋን ቀጥ ብላ እያየች ጨመረች፤ «አልጻፍኩትም።»

ከዚያ ለማህበሩ ቃል ሊሰጥ አብራር ቀረበ። ቁርኣን ይዞ ማለ። ጠበቃው ስለ ደንቡ፣ ስለ ሌባው፣ ስለ አጥሩ ጠየቀው፤ አብራርም ሁሉንም በትክክል መለሰ። ነኢማ ጥያቄ ካላት እንድትጠይቅ ሲፈቀድላት ተነሥታ ፊት ለፊት አየችው። ሃያ ዓመት የሚተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ልጁን ሲድር አዳራሹን ያስጌጠችው እሷ ነበረች።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅህ፣ አብራር። ፋቲሃ ተቀርቷል ወይስ አልተቀራም?»

አብራር ወደ ጠበቃው አላየም፣ ወደ ነኢማም አላየም። ወደ ኋላ ወንበር አየ። አባቦራ አንገታቸውን ደፍተው ምርኩዛቸውን ይዘዋል። ጠበቃው ሊናገር ተነሣ፤ አብራር እጁን አነሳና አስቆመው።

«ተቀርቷል» አለ። «መቃብሩ አይነካም፣ መግቢያም አይከለከልም ብለናል። እኔ ነኝ አትጻፊው ያልኳት።»

ዳኛዋ ቃሉን መዘገበች። ከወጡ በኋላ ግማሹ የግቢ ሰው ነኢማን ትቶ አብራርን አኮረፈው።

ውሳኔው ከሦስት ሳምንት በኋላ ተነበበ። ማህበሩ የአባልን ውሃ በገዛ ፈቃዱ መቁረጡ ሕገ ወጥ ነው፣ ዳግመኛ እንዳይደረግ ታዘዘ። የነኢማ በር ግን በሠላሳ ቀን ውስጥ ይደፈን። የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ቃል በጽሑፍ ካልሆነ በሕግ ፊት አይጸናም። ደንቡን አባላት አጽድቀውታል፣ ተከሳሿም አንዷ ናት። ዳኛዋ ወረቀቱን አንብባ ከጨረሰች በኋላ መነጽሯን አውልቃ ጨመረች፤ «ፍርድ ቤቱ ይሄን ደንብ ሊለውጥላችሁ አይችልም። እናንተ ግን ትችላላችሁ። ብትነጋገሩበት መልካም ነው።»

ሕጉ ትክክል ይሁን አይሁን ነኢማ አልተከራከረችም። ይግባኝ ልትል ግን አሰበች። አስቸኳይ ጉባኤ ለመጥራትም ስምንት ፊርማ ያስፈልግ ነበርና ከቤት ቤት ዞረች። አራት ሰው ፈረመላት። የቀረው «እስቲ ነገሩ ይብረድ» አላት። መንበረ በሯን አልከፈተችም።

በሠላሳው ቀን መጨረሻ ዓርብ አባቦራ በብረቱ በር ለመጨረሻ ጊዜ ገቡ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ የክረምቱ ዝናብ ከጅሬን ራስ እየወረደ ነው። ከሰሊማ ዘንድ ሲመለሱ ነኢማ በረንዳዋ ላይ ወንበር ሰጠቻቸው።

«ይግባኝ እላለሁ፣ አባ። ጠበቃም እይዛለሁ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አትበይ። ስሚኝ፣ ኢንተላ ኮ። ሰሊማ ሌባ በጣም የምትፈራ ሴት ነበረች። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል በር በእንጨት ትሸጉር ነበር፣ እኔ እስቅባት ነበር። ያቺን ክንዷ የተሰበረውን ልጅ ሳያት እሷ ናት የምትታየኝ። የሚፈራ ሰው ላይ በር አይከፈትም።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ከውጭ እቆማለሁ። ዱዓ አጥር አያግደውም።» ምርኩዛቸውን ወደ ጉልበታቸው ጠጋ አደረጉ። «አንቺ ግን እዚሁ ነው የምትኖሪው። ለኔ ብለሽ ጎረቤትሽን አትጪ። ያ ደግሞ በኔ ላይ ይቆጠራል።»

«እኔ እኮ ብጽፈው ኖሮ …»

«እናንተ ብትጽፉትም እኔ ማንበብ አልችልም ነበር» አሉ ሽማግሌው፤ ፈገግታ መሰል ነገር ፊታቸው ላይ አለፈ። «እኔ ያመንኩት ሰው ነው። አብራርም አላሳፈረኝም። በሰው ሁሉ ፊት እውነቱን ተናገረ። ይበቃኛል።»

ሰኞ ዕለት ያው ግንበኛ ተመልሶ መጣ። ምንም አልጠየቃትም። የብረቱን በር ነቅሎ፣ ድንጋይ ደርድሮ፣ በሲሚንቶ ደፈነው። ነኢማ እስኪጨርስ ድረስ ቆማ አየችው።

ክረምቱን ሙሉ ዓርብ ዓርብ አባቦራ ከአጥሩ ውጭ ቆሙ። ዝናብ ሲሆን ነኢማ ዣንጥላ ይዛ በዋናው በር ዞራ ትሄድና ከአጠገባቸው ትቆማለች። ብዙ አይነጋገሩም። በነሐሴ ሁለት ዓርብ ቀሩ። በሦስተኛው ዓርብ ማለዳ መሐሙድ ደውሎ አባቱ ማረፋቸውን ነገራት።

ነኢማ በልቧ የፈራችው አንድ ነገር ነበር፤ ቃሬዛው ዋናው በር ላይ መጥቶ ይቆማል፣ ፈይሳ ዝርዝሩን ያወጣል የሚል። አብራርም ይሄንኑ ሳይፈራ አልቀረም፤ ማንንም ሳያማክር ዋናውን በር ወለል አድርጎ ከፍቶ ከዘበኛው ጋር ቆሞ ጠበቀ። ቃሬዛው ግን አልመጣም። አስከሬኑ በታች በኩል ወደ ከተማው መቃብር ተወሰደ። አብራር ዘግይቶ ነው የሰማው፤ በጭቃው እየሮጠ ደርሶ፣ ከመጨረሻዎቹ ተሸካሚዎች አንዱ ሆነ። ልብሱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር።

ለለቅሶ ስትደርስ ነኢማ መሐሙድን ጠየቀችው።

«ለምን ከእናትህ ጎን አላደረጋችኋቸውም? በሩ እኮ ተከፍቶ ነበር።»

መሐሙድ አርባ ዓመት የሆነው፣ ዝምተኛ ገበሬ ነው። መሬት መሬት እያየ መለሰላት።

«ራሱ ነው የተናዘዘው። ማስፈቀድ የሌለበት ቦታ ቅበሩኝ አለ። ልጆቼ እኔን ሊጎበኙ ሲመጡ ማንም ስማችሁ የለም እንዳይላቸው አለ።» ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «አርባ ዓመት አብረው ኖረዋል፣ እትዬ ነኢማ። አንድ ቀን ተለያይተው አድረው አያውቁም ነበር።»

አነጋገሩ ቁጣ አልነበረበትም። ነኢማ ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

አብራር ከሳምንት በኋላ ወደ ቤቷ መጣ። ክሱ ከተጀመረ ወዲህ ሲመጣ የመጀመሪያው ነው። ሻይ አልጠጣም። «ጉባኤ ጠርቻለሁ» አለ። «ፊርማ አያስፈልግም፤ ሊቀመንበሩ መጥራት ይችላል። ከመጀመሪያውም እችል ነበር።» ይህን ብሎ ለመሄድ ተነሣ።

ጉባኤው እሁድ ጠዋት ሣሩ ላይ ተደረገ። ወንበሮቹ ከመቃብሮቹ ራቅ ብለው ተደረደሩ። አብራር የሆነውን ሁሉ፣ በፋቲሃ የተገባውን ቃልም ጨምሮ ተናገረና ተቀመጠ። አንዱ ተነሥቶ፣ «ሰውየው እንግዲህ ሞተዋል፤ አሁን ደንብ መለወጥ ለማን ነው?» አለ። ብዙው ራሱን በስምምነት ነቀነቀ። ያን ጊዜ መንበረ እጇን አነሳች፤ የተሰበረውን ክንድ ነው ያነሳችው፣ እስከ መጨረሻው አይዘረጋላትም።

«እኔ ልናገር። በዚህ ግቢ ውስጥ በሩ ይዘጋ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም እፈራለሁ። ግን አንድ ነገር አለ። ክረምቱን ሙሉ ከፎቅ መስኮቴ ያንን ሽማግሌ አያቸው ነበር። በዝናብ፣ ከአጥር ውጭ። የገፈተረኝ ሰው ዕድሜው ሠላሳ አይሆንም። እሳቸው አልገፈተሩኝም። ይህንን እያወቅሁ መጋረጃዬን እዘጋ ነበር።» አለቀሰች፤ ግን አልተቀመጠችም። «ልጆቻቸው ይግቡ። ስማቸው ይመዝገብና ይግቡ። እኔ ከአንድ ሌባ የተነሣ ሌላ ሰው ከእናቱ መለየት አልፈልግም።»

አሥራ ዘጠኝ እጅ ወጣ። ሦስት ተቃወመ፣ ሁለት ድምፁን አቀበ። በዓርብና በዒድ ቀን የመቃብሮቹ ቤተሰብ በዋናው በር እንዲገባና በጋራው ቦታ እንዲቀመጥ ደንቡ ተሻሻለ። አዲሱ ጸሐፊ ቃለ ጉባኤውን ጮክ ብሎ አነበበ፤ ሁሉም ፈረመ። ጎረቤቶቿ ሲበተኑ ወደ ነኢማ መጡ። አንዷ ክንዷን ያዘቻት፣ ሌላዋ እድሩ ማክሰኞ መሆኑን ነገረቻት። ነኢማ ለሁሉም ሰላምታ መለሰች። ደስታ ግን አልተሰማትም። የተሰማት ድካም ነው።

አብራር ራሱ ውሳኔውን ይዞ ወደ መሐሙድ ቤት ሄደ። መሐሙድ ወረቀቱን ተቀብሎ አመሰገነው፤ እመጣለሁም አልመጣምም አላለም።

መስከረም አለፈ። ዓርብ ዓርብ ፈይሳ በሩን ይከፍታል፤ ማንም አይመጣም። ሣሩ በመቃብሮቹ ላይ በዛ። አንድ ቀን ነኢማ ማጭድ ይዛ ወጣችና መልሳ ገባች፤ የሰው ቤተሰብ መቃብር ያለ ፈቃድ ማጨድ አልመሰላትም።

በኅዳር አጋማሽ፣ ቡና በሚለቀምበት ሰሞን፣ አንድ ዓርብ መሐሙድ ከሁለት እህቶቹ ጋር መጣ። እጆቻቸው በቡና ጭማቂ ጠቁረዋል። ፈይሳ ስማቸውን ከዝርዝሩ ሳያይ ተነሥቶ አሳለፋቸው። እህቶቹ አጨዱ፣ መሐሙድ የተንጋደደውን ድንጋይ አቃና። ከዚያ ሦስቱም ተቀምጠው ቀሩ። ነኢማ በረንዳዋ ላይ ቆማ ልትጠጋቸው አልደፈረችም። መንበረ ከቤቷ ወጥታ፣ በእጇ የውሃ ማሰሮ ይዛ፣ ሣሩን አቋርጣ ስትሄድ አየቻት። ማሰሮውን ከእህቶቹ አጠገብ አስቀምጣ አንድ ቃል ሳትናገር ተመለሰች።

ሲወጡ መሐሙድ በነኢማ በረንዳ ፊት አለፈ። ቆመ።

«አሰላሙ ዓለይኩም።»

«ወዓለይኩሙ ሰላም» አለች።

ሌላ ነገር የሚጨምር መስሏት ጠበቀች። አልጨመረም። እህቶቹን አስቀድሞ በዋናው በር ወጣና በአስፋልቱ ዳር፣ አባቱ ወዳረፉበት ወደ ታች ወረደ። ነኢማ ከዓይኗ እስኪሰወሩ አየቻቸውና፣ ሀቢቡላህ ከሰርቦ የሚመለስበት ሰዓት ስለደረሰ ወደ ውስጥ ገባች።